የመምህር ኤርጫፎ ድንጋዮች

መምህር ኤርጫፎ መሞቱን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ሹፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ፤ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር፣ ድንጋዩ ሞተ እኮ» አለኝ። የቱ ድንጋይ ብዬ አልጠየቅሁም። ጭሮ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ከሂርና ሲመለስ የተሳፈረበትን ሚኒባስ ጫት የጫነ አይሱዙ ኩርባ ላይ ገጭቶ ገደል ከቶታል። ጫቱ እንዳይጠወልግ ብለው ሰው የሚያጭዱ መኪኖች! «አቁም!» ብዬ ጮህኩበት። አቆመ። ወረድኩና ዘንቢሌን መንገድ ዳር አስቀምጬ ቆምኩ። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። እሱም ቢሆን የእኔን ሞት ቢሰማ ከማልቀሱ በፊት የሆነ ነገር ይሰብር ነበር።

ሰው ሲሞት ወዲያው መልአክ እናደርገዋለን። ኤርጫፎን መልአክ ሊያደርግ የሚሞክር ካለ ግን እኔ አለሁ። አብሬው ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ የእኔ የአማርኛ ክፍልና የእሱ የሂሳብ ክፍል የሚለያዩት በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነበር። እኔ ቅኔ ላስተምር ስል ከወዲያ በኩል ጡጫ ይሰማል።

ከሆሳዕና በኩል ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ ትከሻው ግን በር ይሞላል። ንዴቱ ከአንገቱ ነው የሚጀምረው። የአንገቱ የደም ሥር ሲገተር ያየ ሰው ብርጭቆውን ከጠረጴዛ ላይ ያነሳል። የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር ነበር፤ የእሱ ሥራ ነው። ሰሌዳው መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ያም የእሱ ጡጫ ነው። አንዴ ዳስተሩን በመስኮት አሽቀንጥሮ የዘበኛውን ምሳ ደፍቶበታል። ጴንጤ ነበር፤ እሁድ የሚጸልየው ጸሎት ከአጥር ውጭ ይሰማል፤ ሰኞ ደግሞ ቁጣው እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል። «ጌታን የተቀበለው አፍህ ነው፤ እጅህ ገና ነው» እለው ነበር። ይስቃል። ሲስቅም ጠረጴዛ ይደበድባል።

ልጅ ግን አይመታም። በትምህርት ቤታችን አለንጋ የማይዝ አስተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ደግሞ ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ምክንያቱን የነገረኝ ቀኝ እጁን እያሳየኝ ነው። ሁለቱ ጣቶቹ ወደ ጎን ጠመም ብለዋል። ልጅ ሳለ መምህራቸው የቁጥሮችን ካሬ በቃል ያስወጧቸዋል። አንድ ሲባዛ በአንድ፣ ሁለት ሲባዛ በሁለት እያለ ሰባት ላይ ሲደርስ ኤርጫፎ መልሱ ጠፋበት። እጁን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግተው በባሕር ዛፍ ዱላ መቱት።

«ቀጭ ሲል ዱላው የተሰበረ መስሎኝ ደስ አለኝ» አለኝ። «የተሰበረው የእኔ ጣት ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዘጠኝን ረስቼው አላውቅም። አርባ ዘጠኝ ምን እንደሆነ ያየሁት ግን ኮሌጅ ገብቼ ነው። ታዲያ ይሄ ማስተማር ነው? ይሄ ከብት መተኮስ ነው!»

ይህን ብሎ ያን ወንበር ገለበጠው። እግሩ የተሰበረው ያን ቀን ነው።

ወደ ጭሮ ሲመጣ የገጠመው ችግር ሌላ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት። እሱ ኦሮምኛ የሚያውቀው ለገበያ ያህል ነው፤ አማርኛውም ቢሆን እንደ እጁ ኃይለኛ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አምስት ስኩዌርድ ስንት ነው ሲባሉ በአንድ ድምፅ «አስር!» ይላሉ። ሁልጊዜ አስር። በእንግሊዝኛ ቢል፣ በአማርኛ ቢል፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ ቢል አስር ናቸው። አንድ ቀን ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ ሁሉንም ከክፍል አስወጥቶ ከከተማው በታች ወዳለው ደረቅ ወንዝ ነዳቸው። ሲመለሱ እያንዳንዱ ልጅ በኪሱ፣ በሻርፑ፣ በቀሚሱ ጫፍ እንቁላል የሚያክል ድንጋይ ይዟል። ድንጋዩን ሁሉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተው። ርዕሰ መምህሩ ሲያይ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። በዚህ ከተማ ተማሪና ድንጋይ አንድ ላይ ሲታዩ የሚከተለው የመስታወት ድምፅ ነው፤ ተመልክተናል።

ኤርጫፎ ግን ድንጋዩን ሜዳው ላይ ዘረገፈውና፣ «አምስት ካሬ አስር ነው ያላችሁ፣ አስር አምጡ!» አለ። አመጡ። አምስት አምስት አድርጎ በሁለት ረድፍ ደረደረ። «ይሄ ካሬ ነው? ይሄ አልጋ ነው! ተኙበት!» ልጆቹ ሳቁ። «ካሬ ጎኑ ሁሉ እኩል ነው። አምስት በዚህ፣ አምስት በዚያ። ሙሉ!» ሞሉት። ቆጠሩት። ሃያ አምስት። የሆነች ልጅ «ያ ረቢ!» ስትል በመስኮት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያ ሜዳ የእሱ ሰሌዳ ሆነ። ሰባት ድንጋይ ይሰጣቸውና ካሬ አድርጓት ይላል፤ እምቢ ትላለች። «ሰባት እልኸኛ ናት፣ አትታዘዝም!» ብሎ ይጮኻል። ዘጠኝ ይሰጣቸዋል፤ ትታዘዛለች። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ጋቢው ነው። አንድ ድንጋይ መሬት ላይ ያኖራል። «ብርድ ነው፤ ጋቢ አልብሱት» ይላል። በቀኙ አንድ፣ በታቹ አንድ፣ ጥጉ ላይ አንድ፣ ሦስት ድንጋይ ያለብሱታል፤ አራት ይሆናል፣ ካሬ ነው። ለአራቱ አምስት ያለብሳሉ፤ ዘጠኝ ይሆናል፣ ካሬ ነው። ለዘጠኙ ሰባት። ጋቢው በሁለት በሁለት ያድጋል እንጂ ካሬው ካሬነቱን አይለቅም። እኔ ከቁጥር ጋር ከተጣላሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ ግን የእረፍት ሰዓቴን መስኮቱ ላይ ቆሜ የጨረስኩበት ቀን ብዙ ነው።

መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሰሚራ የምትባል ተማሪ ነበረችው። ዝምተኛ ናት፤ ድንጋይ ስትደረድር ግን እጇ አይሳሳትም። ከረጢቱን ከዕቃ ቤት አውጥታ የምትመልሰው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ኤርጫፎ ጎኑ ሁለት የሆነ ካሬ ደርድሮ፣ «ጎኑን እጥፍ ባደርገው ድንጋዩስ?» አለ። «እጥፍ!» አሉ። ማስመሪያውን ጠረጴዛ ላይ ሰነጠቀው። ራሳቸው ደርድረው አራት እጥፍ መሆኑን አዩ። ያኔ ሰሚራ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ገመድስ ለሁለት ቢታጠፍ?»

«እንዴት ያለ ገመድ?»

«መሬት የሚለካበት። ሙሉ ገመዱ የመሬቱ ጎን ነው። አጥፈን በታጠፈው ካሬ ብንለካ፣ ግማሽ አይሆንም ማለት ነው?»

ኤርጫፎ እንዴት ደስ እንዳለው! ግድግዳው ተናወጠ። «አንድ አራተኛ! ግማሽ የለም! አንድ አራተኛ ነው የሚሆነው! አንቺ ጎበዝ!» ሰሌዳው ላይ በትልቁ ሥሎ ሲያጨበጭብላት እኔ በወዲያኛው ክፍል ሳልወድ በግድ ፈገግ አልኩ። ልጅቷ ለምን እንደጠየቀች ማናችንም አላሰብንም።

የሰሚራ አባት ኦቦ ጀማልና ታላቅ ወንድሙ ኦቦ አብደላ ከከተማው ጫፍ አባታቸው የተወላቸው አንድ መሬት አላቸው። አራት ማዕዘን ነው፤ ጎኑ ሁሉ እኩል። አባትየው እኩል ተካፈሉ ብሎ ነው የሞተው። ወንድማማቾቹ በሽማግሌ ፊት የመሬቱን ጎን የሚያክል የከብት ገመድ ዘርግተው ለሁለት አጠፉት። በታጠፈው ገመድ በአንድ ጥግ ላይ አራት ካስማ ተከሉ። ቤት የሚሠራበት ቦታ ካሬ ሲሆን ያምራል ተባለ፤ ያ ለጀማል፣ የቀረው ለአብደላ ሆነ። ገመዱ እኩል ታጥፏል፣ ሁሉም በዓይኑ አይቷል፣ ፋቲሃ ተነቧል። ጀማል ለዓመታት አንድ ነገር ሲከነክነው ኖሯል፤ የወንድሙ ጫት ሰፍቶ ሰፍቶ የእሱ ጓሮ የጠበበበት ለምን እንደሆነ አይገባውም። በታጠፈ ገመድ ግን ማን ይከራከራል? አብደላ አውቆ ነው ሳያውቅ ነው የሚለውን ዛሬም ድረስ አላውቅም። እኔ ራሴ እዚያ ብሆን ኖሮ አሜን ብዬ ነበር የምመለሰው።

ሰሚራ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ለአባቷ በበቆሎ ፍሬ ደረደረችለት። ጀማል አየ። እንደገና ቆጠረ። ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ካስማዎቹን በእጁ ነቃቀላቸው። አብደላ መጥረቢያ ይዞ ወጣ፤ ጀማል ገጀራ ነበረው። ጫት መሃል ተያያዙ። ገጀራው የአብደላን ክንድ እስከ አጥንቱ ከፈተው። መጥረቢያው በጀርባው በኩል ስላረፈ ነው እንጂ የጀማል ራስ ያን ቀን ለሁለት ነበር። ሴቶች ጮኸው ሲደርሱ አንዱ በአንዱ ላይ ወድቆ ይናከሳሉ። ደሙ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር አሉ፤ ከአንድ እናት የወጣ ደም በምን ይለያል?

ፖሊስ ይዞ ለቀቃቸው፣ ነገሩን የሀገር ሽማግሌዎች ያዙት። ግን የሁለቱም ወገን ልጆች ገጀራ እያሳሉ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ወሬው ደግሞ የሚወቅሰው ሌላ ሰው አገኘ። የአብደላ ሰዎች ዱላ ይዘው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። «ወንድማማች ያባላውን መምህር አውጡልን!» ይላሉ።

ሰሚራ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ ሻርፗ ላይ የአባቷ ደም ደርቆ ነበር። በቀጥታ ወደ ኤርጫፎ ሄደች። «ቲቸር፣ ለምን ነገሩኝ?» አለችው። «ባላውቅ ምን ነበረበት? አባቴ ሊሞት ነው። አጎቴም ሊሞት ነው። ለምን አሳዩኝ?» ያን ግዙፍ ሰው አየሁት። አንገቱ ላይ የተገተረ ሥር አልነበረም። የሚሰብረው ነገር የፈለገ ይመስል ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ ቁልቁል ጫማዋን አየ። አንጀቴን የበላኝ ያኔ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጠራው፤ እኔም ነበርኩ። «ልጅቷ ተሳስታ ነው፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም በል። ይብረድ። ከዚያ በኋላ እንደምታደርግ ታደርጋለህ» አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ኤርጫፎ በጠረጴዛው መስታወት ላይ ጡጫውን አወረደው። መስታወቱ ተንኮታኮተ።

«ሁለት ሲባዛ በሁለት አራት ነው! ለአንተ ብዬ ሦስት ላድርገው? ዋሽቼ ላስታርቃቸው? ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ ይቆጥረዋል፣ ያኔ ይገዳደላሉ!»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ሄጄ አሳያቸዋለሁ።»

«ይገድሉሃል።»

«ይግደሉኛ!» እጁ ይደማል፤ አላየውም።

ርዕሰ መምህሩ እኔን ተከተይው አለኝ፤ በአስተርጓሚ ስም ልገታው ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ብሆንም እዚህ ስኖር ኦሮምኛው ገብቶኛል። ኤርጫፎን መግታት ግን የጫት አይሱዙን እንደ መግታት ነው። ሰሚራ ከረጢቱን ተሸክማ ከፊታችን ሄደች። እንድትቀር ብለምናት፣ «የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እዚያው መሬቱ ላይ፣ የጫቱ ረድፍ ዳር ነው። የመካከላቸው ትልቅ ሼህ ሙሜ ናቸው፤ ያን ጊዜም ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። በአንድ በኩል አብደላ ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሌላ በኩል ጀማል ራሱ ታስሮ ተቀምጠዋል። ከየጀርባቸው ጎረምሶች። የአንዱ እጅ ጃኬቱ ውስጥ ነው፣ የሌላው እጅ ዱላው ላይ። ኤርጫፎ ሰላም ሳይል አለፈ። አስደንግጦኝ፣ «ሰላምታ አላስተማሩህም?» ብዬ በጆሮው ስቆጣው ተመልሶ የሼሁን እጅ ያዘ።

«ና፣ ባርሲሳ» አሉት፤ መምህር ማለታቸው ነው። «አንተ ነህ ያልከው አሉ። እዚህ በል።»

ድንጋዩን ዘረገፈ። አራት በአራት ደረደረ። «ይህ የአባታችሁ መሬት ነው። ቁጠሩ።» እኔ ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው በከዘራ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ፤ አስራ ስድስት። ከዚያ በካሬው ጎን ልክ ገመድ ለካና ለሁለት አጠፈው። ጥጉ ላይ በታጠፈው ገመድ ከበበ። «ይህ የጀማል። ቁጠሩ።» አራት። «ግማሹ ቢሆን ስንት መሆን ነበረበት?» ሼህ ሙሜ አስራ ስድስቱን በከዘራቸው ጫፍ ለሁለት ከፈሉ። «ስምንት» አሉ በቀስታ። ያኔ ከጀማል ወገን የሆነ ጎረምሳ «ሌባ!» ብሎ ጮኸ።

አብደላ ብድግ አለ። «ዋላሂ! በወንድሜ ልጆች ፊት፣ በአገር ፊት ሌባ አስባልከኝ? ገመዱን በአባቴ መቃብር ምዬ ነው ያጠፍኩት! አንተ ከየት መጥተህ ነው?» ጎንበስ ሲል የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን በደኅናው እጁ አነሳና ወረወረው። ቅርብ ነበር፤ ያለው ርቀት የአንድ ሰው ቁመት ቢሆን ነው። ድምፁ እርጥብ ነገር ላይ እንደ ወደቀ ድንጋይ ነበር። ኤርጫፎ ፊቱን ይዞ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሃል ደም ወረደ። የግራ ዓይኑ ነው።

ሁሉም ተነሳ። ገጀራዎቹ ከየጃኬቱ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ጠቡን ሊያስቆሙ ነጠላቸውን መሃል ላይ ጣሉ፤ ማንም አላየው። አንድ ጎረምሳ የሼህ ሙሜን ትከሻ ገፍቶ አለፈ፤ በዚህ አገር ይህ ከሆነ ቀሪው ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። እኔ ጮህኩ፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱም ወገን ግን ኤርጫፎን ነበር የሚጠብቀው። እሱ አንድ ነገር ካደረገ ሁሉም ያደርጋል።

ኤርጫፎ ተነሳ። የመታው ድንጋይ እግሩ ሥር ወድቋል። አነሳው። የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል። ደሙ ከአገጩ እየተንጠባጠበ አብደላን አየው። አብደላም አልሸሸም፤ ቆመለት። ከዚያ ኤርጫፎ ዞረ፣ በጉልበቱ ወረደ፣ ድንጋዩን ከተነሳበት ጎዶሎ ቦታ መልሶ አስቀመጠው። ካሬው ሞላ። አስራ ስድስቱ ሁሉ አለ፤ አንዱ ቀይ ነው።

«ተቀመጡ» አሉ ሼህ ሙሜ። አንድ ገጀራ ወደቀ፤ ሁሉም ተቀመጠ።

ዓይኑ አልተረፈም። ከጭሮ ወደ ሐረር ተላከ፤ ከሐረር ባዶውን ቦታ በፋሻ ሸፍኖ ተመለሰ። ክሰስ አሉት፤ አልከሰሰም። በዚህ አገር ደግሞ የሰው አካል ያጎደለ ሰው ጉማ ይከፍላል፤ የደም ካሳ ነው። ጉማ መክፈል ውርደት አይደለም፣ አለመክፈል ነው ውርደቱ። ሽማግሌዎቹ አብደላን ከኋላ አስከትለው ወደ ኤርጫፎ ቤት መጡ። አብደላ አንገቱን ደፍቶ ከበሩ ጥግ ተቀመጠ። እኔ አሁንም አስተርጓሚ ነኝ።

«ዓይን ውድ ነው» አሉ ሼህ ሙሜ። «ሰንጋ አለ፣ ጊደር አለ። የምትለውን በል።»

«ከብት የማስርበት የለኝም» አለ ኤርጫፎ። «መሬት ነው የምፈልገው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም በሆዴ አፈርኩበት። ይሄ ሰው ለካ መሬት ነው የፈለገው አልኩ።

ኤርጫፎ ወደ አብደላ ዞረ። «የጀማል ቁራጭ አለች። ከእሷ አጠገብ ያችኑ የምታክል ሌላ ቁራጭ ለካልኝ። የእኔ ጉማ እሷ ናት። ከዚያ ለጀማል ስጥልኝ። እኔ አልፈልጋትም፤ አስተማሪ ነኝ፣ ዝውውር ሊመጣብኝ ይችላል።»

ተረጎምኩ። ሼህ ሙሜ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ፤ አራትና አራት ስምንት መሆኑ ገብቷቸዋል። አብደላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። መሬቱን ለወንድሙ ቢመልስ ሰርቄ ነበር ማለቱ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ሞቱን ይመርጣል። ጉማ ከሆነ ግን ማንም ምንም አይለውም፤ ለዓይን ከፈለ ይባላል እንጂ። በማግሥቱ ካስማዎቹን ራሱ አብደላ ተከላቸው። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ ተዋደዱ አልልም። ተገናኝተው ሰላም ይባባላሉ፣ ይለያያሉ። በሕይወት ግን አሉ፤ ልጆቻቸውም አሉ። ሰሚራ ትምህርቷን ጨረሰች።

በከተማው ሰው ዘንድ ኤርጫፎ ያን ቀን ሌላ ሰው ሆነ። ዓይኑን አጥፍተውበት ድንጋዩን በቦታው መለሰ እየተባለ በየመስጊዱም በየቸርቹም ተነገረ። እኔም ለሰው ሁሉ እንዲያ እያልኩ ስተርክ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ማረፊያ ክፍል ብቻችንን ሳለን፣ የሆነ ተማሪ አናዶኝ ነበርና፣ «እኔ እንደ አንተ ትዕግሥት አልተሰጠኝም» አልኩት። የቀረችው ዓይኑ ቀላች። ጠረጴዛውን ሲመታው ቀይ እስክሪብቶዬ ዘሎ ወደቀ።

«ትዕግሥት?» አለ። «ጽጌ፣ ያን ድንጋይ ያነሳሁት ልገድለው ነበር። ግንባሩን አይቼ ነበር፣ የት እንደምመታው መርጬ ነበር። ክንዴ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል ሰሚራ ከአጠገቤ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደምትለው፣ ‹ቲቸር፣ ያቺ እዚህ ናት› አለችኝ። በጣቷ ጎዶሎውን ቦታ አሳየችኝ።»

እዚያ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ልጅቷ መሬቱ ላይ ተንበርክካ ማየቴ ትዝ ይለኛል፤ ስትናገር አልሰማሁም።

«ታዲያ አስቀመጥኩታ!» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ምን ላድርግ? ልጅ እኮ ናት። ለአገሩ ሁሉ ታጋሽ እያልሽ አታውሪ። ያን ቀን ሰው ሳይሞት የቀረው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጎዶሎውን ስላየች ነው። እኔ ያየሁት የአብደላን ግንባር ብቻ ነበር።»